ጠበል የጠገበው ኦርኪድ

«ኡፍ! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለች ሌይላ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና።

ሮዳስ ኦርኪዱን ከማሰሮው አውጥታ ጋዜጣ ላይ አጋድማዋለች። ሥሮቹ ቡናማ ሆነው ላሽቀዋል። አንዱን በጣቷ ጫን ስታደርገው ልጣጩ ሾልኮ እጇ ላይ ቀረ፤ ውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ነው።

«በስብሷል» አለች። «ውሃ በዝቶበት ነው።»

«ቅጠሉ እኮ ተሸብሽቧል። የጠማው ነው የሚመስለው።»

«እሱ ነው ሰው የሚያሳስተው። ሥሩ ከበሰበሰ በምን ይጠጣል? ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይጠማዋል።»

ይህን ከዩቲዩብ ያገኘችው ትናንት በሌይላ ስልክ ነው። ዩቲዩቡ ያልነገራትን ግን ራሷ ታውቃለች፤ ውሃውን ያበዙት አባቷ ናቸው።

ኦርኪዱ የእናቷ ነበር። እናቷ ፍቅርተማርያም በጫጫ ከተማ ትምህርት ቤት ያስተማረቻቸው ልጆች መታመሟን ሲሰሙ ከአዲስ አበባ ገዝተው አመጡላት። በደብረ ብርሃን ብርድ ወር እንደማይቆይ ያልተነበየ ጎረቤት አልነበረም። እሷ ግን ቀን መስኮቱ አጠገብ እያስቀመጠች፣ ሲመሽ ከመስታወቱ እያራቀች፣ እንደ አራስ ልጅ ጠበቀችው፤ ጎረቤትን አሳፍሮ ሁለት ጊዜ አበበላት። ባለፈው ክረምት እሷ ስታርፍ ተክሉ ለአባትና ለልጅ ቀረ። በቤቱ ውስጥ ከእሷ እጅ የተረፈ ሕይወት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው።

አባቷ ቄስ ወልደኪዳን ስለ አበባ የሚያውቁት ነገር የለም። የሚያውቁት ጠበል ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ይመጡና ማሰሮው ውስጥ ያንቆረቁራሉ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ይጨምራሉ፤ ሲብስበት ደግሞ አብዝተው ይጨምራሉ። እያንቆረቆሩም ያወራሉ። «ፍቅርተ፣ ልጅሽ ሒሳብ ጥሩ አመጣች። እራቷን ግን በቅጡ አትበላም፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» ሮዳስ ይህን ሁሉ ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች። ብርድ ልብሱን ተከናንባ የተኛች ትመስላለች። ከእሷ ጋርማ የሚነጋገሩት «በላሽ?» እና «አጠናሽ?» ብቻ ነው።

«እሺ፣ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ሌይላ። ከእናቷ ሱቅ የተፈጨ ቀረፋ በወረቀት ጠቅልላ አምጥታለች። የጥንቷ የገበያ ከተማ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናትና ቅመም አታጣም።

«የበሰበሰውን መቁረጥ፣ ቁስሉ ላይ ቀረፋ መነስነስ፣ በደረቅ የዛፍ ቅርፊትና በከሰል ስብርባሪ መትከል። ከዚያ ውሃ አለማጠጣት።»

«እሱን አይደለም። አባትሽን ነው ያልኩሽ።»

ሮዳስ መቀሱን በሻማ ነበልባል ላይ አገላበጠች።

«ስሚኝ፣ እኛ ቤት ይክረም» አለች ሌይላ። «‹የባዮሎጂ ቲቸር ለፕሮጀክት ወሰደችው› በያቸው። ሲድን እንመልሰዋለን። ወላሂ አሪፍ መላ ነው፣ ማንም አይጎዳም።»

ሐሳቡ ሮዳስን አጓጓት። ለቄስ «ጠበልዎ አበሰበሰው» ተብሎ እንዴት ይነገራል? ደግሞም እናቷ ታማ ሳለች ያንኑ ጠበል ስትጠጣ ነበር፤ አባቷ ናቸው በእጃቸው ያጠጧት። አሁን ይህን ብትናገር የሚሰሙት ስለ አበባ ብቻ አይሆንም።

አንድ በአንድ ቆረጠች። ከዚያ ሁሉ ሥር የቀሩት ጠንከር ያሉ ጥቂት አረንጓዴዎች ናቸው። ሌይላ ምላሷን ነክሳ ቀረፋውን በጣቷ ስትነሰንስ የግቢው በር ሲጢጥ አለ። የንስሐ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የወጡት ቄስ ወልደኪዳን ገና በጊዜ ተመልሰዋል። የጠበል ጠርሙሱን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቀጥ አሉ።

«ምን ሆነ?» አሉ ዓይናቸውን ከጋዜጣው ሳይነቅሉ።

«እንዴት ዋሉ አባ» አለች ሌይላ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ። «እ... የባዮሎጂ ቲቸራችን...»

«ሌይላ፣ ተይው» አለች ሮዳስ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ከተቆረጡት ሥሮች አንዱን አነሳች። «አባባ፣ እስቲ ይንኩት።»

ቄሱ አጎንብሰው ነኩት። ልጣጩ ጣታቸው ላይ ሾለከ።

«በስብሷል» አለች። «የጠማው ይመስላል እንጂ ውሃ በዝቶበት ነው። ጠበሉ አይደለም አባባ! የወንዝ ውሃም ቢሆን ያው ነው። ብዛቱ ነው።»

ሌይላ ሻርፗን ታፍተለትል ጀመር።

«የጠማት መስሎኝ ነበር» አሉ ቄስ ወልደኪዳን።

ሮዳስ እንባዋን መያዝ አቃታት። አባቷ አጠገቧ በርጩማው ላይ ተቀመጡና የጋቢያቸውን ጫፍ ሰጧት፤ ዓይኗን ጠረገችበት።

«ጠበልም እኮ ልክ አለው» አሉ ቀስ ብለው። «ለሕመምተኛ እንኳ ዐቅሙን አይተን ነው የምናጠጣው። ለሰው የማውቀውን ልክ ለዚህ አጣሁት። እግዚአብሔር አይፍረድብኝ።» ከዚያ ወደ ተክሉ ጠጋ አሉ። «ይድናል?»

«እንጃ። ደህና ሥር አለው። አዲስ ቅጠል ካወጣ ያኔ እናውቃለን።»

ማሰሮውን ራሳቸው ያዙላት፤ እሷ ቅርፊቱንና ከሰሉን ዙሪያውን ሞላች። ሌይላ የቀረፋውን ብናኝ ከጣቷ አራግፋ «በሉ ቻው፣ እናቴ ቀረፋዋን ሳትፈልግ ልድረስ» ብላ ሹልክ አለች።

«እስከ መቼ ነው ውሃ የማይነካው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቁስሉ እስኪደርቅ። ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ።»

ጠርሙሱን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩት። የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ይመስላሉ።

«ታዲያ እኔ ጠዋት ጠዋት ምን ላድርግ?»

ሮዳስ አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ቀርባ አይታቸው አታውቅም። ጢማቸው ብዙ ሸብቷል።

«እኔን ይቀስቅሱኝ» አለች። «እናወራለን።»

«ጠዋት እኮ ውርጭ ነው ልጄ።»

«ግድ የለም» አለች። «ጋቢ እደርባለሁ።»