የምዕራን ምንጭና ሦስቱ ጋኖች

በዋዝማር ምድር ንጉሥ ሊመረጥ አንድ ወር ሲቀረው ታላቁ ወንዝ ምዕራን ነጥፎ አደረ። ሽማግሌዎቹ «ክፉ ምልክት ነው» አሉ፤ ይህን ለማወቅስ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም ነበር።

የምርጫው ቀን ሲደርስ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በዋዝማር ሕግ ዙፋን የሚሻ ሁሉ ጋን ያቆማል፤ ሕዝቡም ለወደደው ጠጠር ይጥላል። የመጨረሻው ጠጠር ሳይጣል ንጉሥ አይቀባም። የተጣለውም ጠጠር፣ ተራራው ምስክር ይሁን ተብሎ፣ በምዕራን ምንጭ አፍ ይደፋል። ከቅድመ አያት የወረደ ክቡር ሥርዓት ነው።

ጉድጓድ ቆፋሪዋ ዘሚራ ጠጠሯን ጨብጣ ሦስቱን እጩዎች አዳመጠች። አንደኛው ሰባት ትውልዱን ቆጠረ። ሁለተኛው የአንደኛውን ሰባት ትውልድ ሰደበ። ሦስተኛው፣ ልዑል ሰንገል፣ ሰይፉን መዝዞ ማለ፦

«ምንጫችንን የዋጠው ዘንዶው ሐርዋ ነው! አንግሡኝና አንገቱን አመጣላችኋለሁ!»

«ጌታዬ፣ አንገቱስ ይምጣ፤ ውኃው በምን ይመጣል?» አለች ዘሚራ።

ሰንገል ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ጠጠርሽን ጣዪ። እሱ ከነገሥኩ በኋላ ይታሰብበታል።»

ዘሚራ ከታላቅ ወንድሟ ከዳሞር ጋር ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፍረው ዘጠኙም ደረቅ ሆነዋል፤ እናታቸው በጥም ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ከተኛች ሰንብታለች። ጠጠሯን ወደ ላይ አንሥታ፣ «በእናቴ ጥም እምላለሁ! ምንጩን በዓይኔ ሳላይ ይህን ጠጠር ለማንም አልጥልም!» አለች።

«ብቻሽንማ አትሄጂም» አለ ዳሞር፣ ዶማውን እየተሸከመ።

ሦስት ቀን በእሾህና በአመድ ምድር ተጓዙ። በአራተኛው ቀን ሐርዋን ከዋሻው ደጅ ተጋድሞ አገኙት። ያ ስሙ ሕፃናትን የሚያስለቅሰው ዘንዶ አጥንቱ ገጥጦ፣ ምላሱ ደርቆ ነበር።

«ልትገድሉኝ ከሆነ ቶሎ በሉ» አለ። «ምንጩን ግን አልዋጥኩም። ግቡና እዩ።»

ገቡ። የምንጩ ጉሮሮ እስከ አፉ በጠጠር ታጭቋል። የአያቶቻቸው፣ የአባቶቻቸው ምርጫ በሙሉ እዚያ ተከምሯል። ከላይ፣ እናቷ ባለፈው ጊዜ የጣለችው ነጭ መስመር ያለበት ጠጠር ነበር። ዘሚራ አፈረች፤ ከዚያም አለቀሰች።

ሐርዋ በጥፍሩ ዛቀ፤ እነሱ ቆፈሩ። ከሥር አንድ ቋጥኝ ቀረ።

«ይህ ሲነቀል ውኃው ጊዜ አይሰጥም» አለ ዳሞር ከጉድጓዱ። «ውጪ፣ እኅቴ።»

«አብረን ነው የምንወጣው!»

«አንድ ሰው ከታች መቅረት አለበት። እማዬን አጠጪልኝ።»

ሐርዋ ልብሷን በጥርሱ ይዞ እየጮኸች ከዋሻው አወጣትና ክንፉን ዘርግቶ ወደ ሰማይ አነሣት። ምዕራን ተራራውን ሰንጥቆ ወጣ። ዳሞር አልወጣም።

ዘሚራ እናቷን አጠጥታ፣ ውኃው ወደ ዳር ያወጣውን የወንድሟን ዶማ ተሸክማ አደባባይ ስትደርስ፣ ሦስቱ እጩዎች «ውኃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር።

«ዘሚራ፣ ያንቺ ጠጠር ብቻ ቀርቷል» አለ አዋጅ ነጋሪው።

ዶማውን ወንዙ ዳር ተከለችው። ጠጠሯንም ከሥሩ አኖረች።

«ውኃው በምን እንደመጣ የሚያውቅ ሲመጣ አነሣዋለሁ» አለች።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ እጁን በሰንገል ጋን ውስጥ ከተተና የገዛ ጠጠሩን ፈልጎ አወጣ። ከኋላው ሰው ተሰለፈ።