የናስተሆ ዊልቸር

«ምን አለች?» አለ ጋሽ አቻምየለህ፣ የቀለም መርጫውን ዝቅ አድርጎ።

በሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ ስምንት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ሮዳን አዝላለች። በሶማሊኛ የጠየቀችው ዊልቸሩ ደርሶ እንደሆነ ነበር። አብራው የምትሠራው ዴቆ ግን፣ «ሰላም ልትለን ነው። ሥራው ትንሽ ይቆይ ብላለች» ብላ ተረጎመችለት። ለሴትዮዋ ደግሞ በሶማሊኛ፣ «ምድጃው ተበላሽቷል፤ ለሐሙስ ኑ» አለቻት።

«ለሐሙስ» ስትላት ይህ ሦስተኛዋ ነው። አይ ዴቆ! ጅግጅጋ ያደገች በመሆኗ ሁለቱንም ቋንቋ ታንበለብለዋለች። ጋሽ አቻምየለህ ግን ሀርጌሳ አራት ዓመት ኖሮ ሶማሊኛው ከሰላምታ አላለፈም። የሰፈሩ ሰው በጋራ በሚጠቀምበት በዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ምላሱ እሷ ናት፤ እንደ ልጁ ነው የሚያምናት።

ዊልቸሩ የዴቆ ታናሽ እህት የናስተሆ ነበር። ናስተሆ ከሞተች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። እናታቸው፣ «ዝገቱ ወጥቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ለሮዳ ይሰጥ። ሰደቃ ነው» ብላ በገዛ እጇ አመጣችው። ጎማውና መቀመጫው ተፈትቶ፣ ብረቱ ጆንያ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ምድጃ ውስጥ የሚጋገረው የዱቄት ቀለም ባዶ ብረት ካላገኘ አይይዝም። አሮጌው ቀለም ሲፋቅ፣ ናስተሆ በሚስማር የጫረቻት ጠማማ ግመልም አብራ መሄዷ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ዴቆን የሚያንገበግባት ግመሏ ብቻ አይደለችም። ናስተሆ ዓመት ሙሉ «ቢጫ ቀቢልኝ» ስትላት፣ እሷ «ለሐሙስ» እያለች ስታዘገያት ኖራለች። ሐሙሱ ሳይደርስ እህቷ ሄደች። አሁን ሌላ ልጅ በአዲስ ቀለም ስትቀመጥበት ማየት፣ ወላሂ፣ አቃታት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የዴቆ ግን እያደር ከበዳት።

ሴትዮዋ «ኢንሻአላህ» ብላ ልትዞር ስትል፣ ሮዳ ከእናቷ ትከሻ ላይ ቀና ብላ አየቻት። ዴቆ፣ «ምን ቀለም ነው የምትፈልጊው?» አለቻት።

«ቶሎ የሚደርሰውን» አለች ሮዳ። የእናቷን ትከሻ ዳሰሰች። «ሆዮ ጀርባዋን ያማታል።»

ናስተሆም ዴቆን የምትጠይቃት እንዲህ ነበር፣ ሳትቆጣ።

«አሁንስ ምን አለች?» አለ ጋሽ አቻምየለህ።

«ቶሎ የሚደርሰውን ቀለም አለች።» ዴቆ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሼ፣ ይቆይ ያሉት እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ። ለእነሱ ምድጃው ተበላሽቷል ብያቸዋለሁ።»

ጋሽ አቻምየለህ የጋለውን ምድጃ አየ፣ ከዚያ እሷን። «በስመአብ!» አለ ቀስ ብሎ። በርጩማ ስቦ ለሴትዮዋ ሰጣት።

ዴቆ ለሴትዮዋም እውነቱን በሶማሊኛ ነገረቻት። ሴትዮዋ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ልጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

ዴቆ ጆንያውን ገፈፈች። የብርጭቆ ወረቀት አነሳችና ከግመሏ ጀመረች። ብረቱ እርጥበት አይወድምና እንባዋን ቶሎ ቶሎ በክንዷ ትጠርጋለች።

«ቢጫው ይደርሳል» አለቻት ሮዳን፣ ቀና ሳትል። «ዛሬ።»