ማማ ወድሃ ያልዋጡት ክኒን

ይህን የነገረችኝ ሃጀር ናት። ነገር የምታጋንን ሴት አይደለችም። እኔም አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ቦታው ኩዌት፣ ጀህራ ውስጥ ያለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ጨለማ የለም፣ ምን የለም... ፀሐይ አስፋልት የምታቀልጥበት ሐምሌ ነው።

የወሎዋ ሃጀር ኩዌታዊቷን አሮጊት ማማ ወድሃን ስድስት ዓመት በቤታቸው አጥባ፣ አጉርሳ፣ ደግፋ አስተኝታለች። ልጃቸው፣ ማለትም የሃጀር ማዳም፣ እናቷን መጦሪያ ካስገባች በኋላም ሃጀር በየቀኑ እየሄደች ታበላቸው ነበር። የሚፈቀድላት አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ማማ ስሟን እየጠሩ ይስቁ ነበር።

ከዚያ አንዲት ነጭ ክኒን መጣች።

ሳቁ ቀረ። ሾርባው በአፋቸው ጥግ ይፈሳል። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ... አያያትም።

«ማዳም፣ ማማን በመድኃኒት እያደነዘዟቸው ነው» አለች ሃጀር በስልክ።

«ሐኪሙ ያውቃል። አንቺ አብያት ብቻ።»

አንጀቷ አልቻለም። ክኒኑ የሚሰጠው በእሷ ሰዓት ነበርና ነርሷ ፊቷን ስታዞር ጠብቃ፣ ከማማ ምላስ ሥር በጣቷ አውጥታ በመሐረብ ቋጠረችው።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን።

በአራተኛው ቀን ማማ ወድሃ ነቅተው ጠበቋት።

ሃጀር ደስ ብሏት እጃቸውን ሳመች። ማማ ግን የሚያዩት እሷን አይደለም። አጠገባቸው የተኙትን አሮጊት አልጋ ግርጌ ነው።

«ሃጀር... ክኒኔን ስጪኝ።»

«ለምን ማማ? እሱ እኮ ነው ያደነዘዘዎት።»

«ቀስ በይ... እንዳየሁት አውቋል።»

ሃጀር ዞር ብላ አየች። ምንም የለም።

ግን በክፍሉ የተኙት አምስት አሮጊቶች ሁሉም... በእንቅልፋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ነርሷን አግኝታ ያደረገችውን ሁሉ ተናዘዘች። ነርሷ አልተቆጣችም።

«ስንት ቀን ሆነ?»

«ሦስት።»

ነርሷ የያዘችውን ትሪ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሄዳ የክፍሉን በር ከውጭ ቆለፈችው።

«ማማ እኮ ውስጥ ናቸው... ክፈቺልኝ።»

«ክኒኑ እኮ እሱን እንዳያዩት ነበር። አሁን ቢውጡትም አይሠራም» አለች ነርሷ፣ ቁልፉን ኪሷ እየከተተች።

ሃጀር በበሩ ትንሽ መስታወት አጮለቀች።

ማማ ወድሃ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በእግራቸው ያልቆሙት ሴት፣ ጥግ ላይ ቆመዋል። ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል።

አልጋቸው ላይ ግን ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ይላል... የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ።

ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ እጅ ወጣ።

መዳፉን ቀስ እያደረገ አጠፍ፣ ዘርጋ... አጠፍ፣ ዘርጋ...

ሃጀርን «ነይ» ይላታል።