የማይጎተተው ክር

አልጣሽ ነጩን ክር ሳብ ስታደርገው የዶሮዋ ጣቶች በአንዴ ተጨበጡ። ዘጠነኛ «ለ» ክፍል በሙሉ ጮኸ።

«ወይኔ! እስቲ ድገሚው!»

ደገመችው። ስትለቀው ጣቶቹ ተከፈቱ፣ ስትስበው ተጨበጡ። አንዱ ልጅ ጣቱን መሃል ከትቶ ተያዘና እየሳቀ አመለጠ።

«ይሄ ነርቭ ይባላል» አለች አልጣሽ፣ ድምፅዋን እንደ ዜና አንባቢ አወፍራ። «ከአንጎል ትእዛዝ ያመጣል። አሁን እኔ አንጎሏ ነኝ ማለት ነው።»

«አንቺ ነሽ አንጎል?» አለ ሳምሶን ከኋላ። ክፍሉ እንደገና ሳቀ።

የቡድን ጓደኛዋ ሥርጉትም ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር። ዲላ ለሚካሄደው የዞኑ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ገደብ ከተማ ካለው ትምህርት ቤታቸው የሚሄደው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ የሚመርጠው ደግሞ የባዮሎጂ መምህራቸው ታዲዮስ ነው። ከምሳ በኋላ እየዞረ ሁሉንም ያያል። ሌላው ቡድን ሁሉ ከመጽሐፍ ሥዕል ገልብጦ ካርቶን ላይ ለጥፏል። እውነተኛ እንስሳ ያመጡት እነሱ ብቻ ናቸው። ዶሮዋ ጠዋት እነ አልጣሽ ቤት ታርዳ የተነጨች ናት። ሥርጉት ቤት አይታሰብም። እናቷ የሺሃረግ «በሁዳዴ ዶሮ? ቢላዬን እንዳትነኪ!» ብላታለች።

ክፍሉ ለምሳ ሲወጣ ሥርጉት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ክሩን ራሷ ያዘችው። ሳበች፤ ተጨበጠ። ለቀቀች፤ ተከፈተ። እንደገና ሳበች። ከዚያ የራሷን እጅ ገልብጣ አየች። ጣቶቿን ስታጥፍ ከአንጓዋ በታች ያሉት ገመዶች ከቆዳዋ ሥር ተነሡ፣ ስትዘረጋ ተመለሱ። የዶሮዋም ክር እንደዚያው ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ከአጥንት ጋር የተጣበቀ ነው። መልእክት የሚያደርስ ነገር እንደ ገመድ ለምን ይሳባል?

«አልጣሽ፣ ይሄ ነርቭ አይደለም እኮ። ጅማት ነው።»

አልጣሽ ዳቦዋን እየገመጠች ነበር። «አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«እኛ ቤት ዶሮ በታረደ ቁጥር ከወንድሞቼ ጋር የምንጫወተው በእሱ ነው። ምን ችግር አለው? ጮኹ አይደል? አቦ አታካብጂ።»

«ቲቸር ያውቃል።»

«ቲቸር ጠዋት በር ላይ ቆሞ አይቶን ስቋል። ከፈለገ ያኔ ይናገር ነበር።»

ሥርጉት ክሩን ለቀቀች። ያናደዳት የአልጣሽ ውሸት ብቻ አልነበረም፤ እሷ ራሷ አምናው ግማሽ ቀን መኩራቷ ነበር። ምላጯን አነሣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እውነተኛውን ልፈልግ።»

ዶሮ መበለት ትችላለች። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር አሥራ ሁለቱን ብልት የምታወጣው እሷ ናት፤ የጎረቤት ሴቶች ሳይቀሩ «የሥርጉት እጅ አጥንት አይሰብርም» ይላሉ። የግራውን ታፋ ያዘች፣ ወደ ውጭ ገፋችው፣ ምላጩ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ወጣ። ታፋው እጇ ላይ ቀረ።

አልጣሽ ከሣቋ የተነሣ ዳቦው ትን አላት። «ወጥ ልትሠሪ ነው እንዴ?»

ሥርጉት ታፋውን ገልብጣ አየችው። የተቆረጠው ሥጋ መሃል አንድ ነጭ ነጥብ ነበረች፣ ከክር ጫፍ የማትበልጥ። ሌላኛዋ ነጥብ አካሉ ላይ ቀርታለች። ነርቩ እዚያ ነበር። እጇ እንደለመደው አንድ ጊዜ ሄዶ ሁለት አድርጎታል። በየበዓሉ ይኸንኑ ስታደርግ ኖራለች፤ ሳታየው።

«የቀኙን ስጪኝ።»

«በጭራሽ!» አልጣሽ ዶሮዋን ወደ ራሷ ሳበች። «እሱ የኔ ነው። እሱንም ከገነጠልሽው ምን እናሳያለን? ምንም። እነ ሳምሶን በዚያ አስቀያሚ ካርቶን ዲላ ይሄዳሉ።»

«አልገነጥለውም።»

«የግራውንም አልገነጥልም ብለሽ ነበር?»

«አላልኩም። አሁን ግን እያልኩሽ ነው።»

አልጣሽ አየቻት። «ካበላሸሽው አላናግርሽም። የምሬን ነው» አለችና ለቀቀቻት።

ሥርጉት በዚህኛው መገጣጠሚያውን ትታ በታፋው የውስጥ በኩል ጀመረች። ምላጩን አስቀምጣ በጣቷ ሥጋውን ከሥጋው ለየች፤ ለስላሳ ስስ መጋረጃ እንደ መለየት ነበር። የመጀመሪያው ሥጋ ሲነሣ ነርቩ ታየ፦ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከደም ሥር ጎን ለጎን የተኛ። ጅማቱን አይመስልም። እርጥብ ነው፣ ልስልስ ነው፤ ሲነኩት ይታጠፋል። ወደ ታች ተከተለችው፤ ጉልበቱ አጠገብ ለሁለት ተከፈለ። ወደ ላይ ተከተለችው፤ ዳሌው ውስጥ ገብቶ ኩላሊቱ ሥር ጠፋ።

እናቷ ኩላሊቱን፣ ያንን ጥቁር ነገር፣ ሁሌ ፍቃ ነው የምትጥለው። ሥርጉት በማንኪያ እጀታ ጥቂት በጥቂት አነሣችው። ከሥሩ ከጀርባው አጥንት የወጡ ቀጫጭን ክሮች ተሰባስበው አንድ ወፍራም ክር ሲሆኑ ታዩ። ከአከርካሪ እስከ ጉልበት፣ ሳይበጠስ።

በዚህኛው እጇ ምንም አልቆረጠም። ይህን ልብ ብላ አስተዋለች፤ ደስም አላት።

«አሳዪኝ» አለች አልጣሽ፤ ጠጋ ብላ ትንፋሿን ያዘች። «ይሄ ነው? እንዲህ ቀጭን ነገር?»

መምህር ታዲዮስ ሲገባ ግማሹ ክፍል ተከትሎት ገባ። «እስቲ የጠዋቱን» አለ። አልጣሽ እጇን ወደ እግሩ ሰደደች፤ ሥርጉት ግን ቀደመቻት።

«እሱ ጅማት ነው ቲቸር። ጠዋት ተሳስተን ነው የነገርናቸው። ነርቩ ይሄ ነው።»

ልጆቹ ተንጠራሩ።

«እሺ ሳቢውና እንይ» አለ ሳምሶን።

«አይጎተትም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ጅማቱ ጣትን ይስባል፤ ጅማቱን ጡንቻው ይስባል፤ ጡንቻውን ‹ሳብ› ብሎ የሚያዘው ይሄ ነው። የጣቷን ሕመምም በዚሁ ነው አንጎሏ የሚሰማው። አንተ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ብዙ ስትቀመጥ እግርህ አይደነዝዝም? ይሄንኑ የራስህን ስለተጫንከው ነው።»

«ጠዋት ይሻል ነበር» አለ ሳምሶን። አንዳንዶቹ ወደ በሩ ሄዱ። ማንም አላጨበጨበም። ሥርጉት ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ግን ቀና ብላ ቆመች።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። «ማነው ያወጣው?»

«እኔ።»

«ኩላሊቱን በምን አነሣሽው?»

«በማንኪያ እጀታ።»

ቀና አለ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም፤ እሷን ገና ዛሬ ያያት ነበር የሚመስለው። «ዲላ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ» አለ። «ግን ስሙኝ፤ ይሄ ነገ ይሸታል። የጅማቱን ጨዋታ ጅማት ነው ብላችሁ በየትኛውም እግር ማሳየት ትችላላችሁ፤ ሰው ይወደዋል፣ ቀላልም ነው። በነርቩ ከሄዳችሁ ደግሞ ዳኞቹ እንደነዚህ ልጆች ፊት ሊነሷችሁ ይችላሉ። ምርጫው የእናንተ ነው።»

አልጣሽ የሥርጉትን ክርን ጎሸመች። የጉሽሚያው ትርጉም ግልጽ ነበር፦ «የጅማቱን» በይ።

«ከአዲስ ዶሮ እዚያው ዳኞቹ ፊት አወጣዋለሁ» አለች ሥርጉት። «ከመጀመሪያው።»

«ከተበጠሰስ?»

«የግራ እግሯ አለ።»

መምህሩ ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ። አልጣሽ ጎንበስ ብላ ነርቩን አየችው።

«አንቺ ጅል ነሽ» አለች በመጨረሻ። «እማዬ ሁለተኛ ዶሮ አትሰጠንም፣ ታውቂያለሽ?»

«እኛ ቤት ለፋሲካ የታሰረች አለች።»

«የእትዬ የሺሃረግን ዶሮ? በጾም? ሴትዮዋ ትገድልሻለች!»

«እጠይቃታለሁ። ዛሬ ማታ።»

«ማንስ ያርዳታል?»

«ቲቸር። እዚያው ዲላ።»

ሁለት ጠረጴዛ ርቆ የነበረው መምህር ታዲዮስ ዞር ብሎ አያቸው።

ሥርጉት ምላጯን በጨርቅ ጠቀለለች። «አውቶቡስ ላይ ግን» አለች፣ «ዶሮዋን የምትይዣት አንቺ ነሽ።»