የታቢታ በርጩማ

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በሕይወት ሳሉ እግራቸውን ለወንድ አሳይተው አያውቁም። ጣቶቻቸው የተጣመሙ ስለነበሩ ያፍሩባቸው ነበር። የሞቱ ዕለት ግን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታቸው የፖሊስ መዓት ቆሞ ያያቸዋል። ዝቅ ያለው ሶፋ ላይ ደገፍ ብለዋል። እግሮቻቸው ወለሉ ላይ ባለ የውሃ ሳፋ ውስጥ ናቸው፤ ሳፋው ውስጥ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ውሃ ማሞቂያ ተነክሯል። ከሳፋው ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ በርጩማ ተቀምጣለች።

በርጩማዋ የታቢታ ናት። ታቢታ ቤት ለቤት እየዞረች የሴቶችን የእግር ጥፍር ትሠራለች፤ ጠዋትም እዚህ ነበረች። ጉዱማሌ አካባቢ ሌላ ደንበኛዋ ዘንድ ሳለች ፖሊስ ጠርቷት በባጃጅ መጥታ፣ አሁን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

ኢንስፔክተር ሽበሺ ሬሳ ያለበት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው መቀመጫ ነው። ባልደረቦቹ ይስቁበታል። ፎቶው ተነሥቶ፣ ማሞቂያው መነቀሉን ካረጋገጠ በኋላ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ፤ ወገቡ ቀጭ አለ።

«ማነው መጀመሪያ ያገኛቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች ፍሬሕይወት። ወይዘሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት ልጅ ናት። «ለምሳ ከሥራ ስመጣ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

«እኔ ደግሞ በሕይወት እያለች አይቻታለሁ» አለ ናሆም ሳይጠየቅ። የወይዘሮዋ የወንድም ልጅ ነው፤ ጓሮ ባለው ክፍል ይኖራል። «ልወጣ ስል በመስኮት አየሁ። ይቺ ልጅ በርጩማዋ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የአክስቴን እግር ከሳፋው እያወጣች ቀለም ትቀባለች። ማሞቂያውን ረስታው ነው እንጂ ክፉ ልጅ አይደለችም።»

«ከዚያ በፊት ስትሠራ አይተሃታል?»

«እግሯን ለወንድ መች ታሳያለች! ሁልጊዜ በሩ ይዘጋል። የዛሬው እንዲያው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።»

ሽበሺ ጎንበስ ብሎ የሟቿን ጣቶች አየ። ቀዩ ቀለም ሁሉም ጥፍር ላይ አለ፤ ግን እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዷል። በጣቶቹ መሀል የተሰካው ጥጥ ውሃ ጠጥቷል። ከሶፋው ጥግ አንዲት ትንሽ ትራስ አነሣና ገለበጣት። ከታች በኩል የደም ጠብታ ነበረባት። የሟቿን ከንፈር በጣቱ ገለጥ አደረገ፤ ከውስጥ ተሰንጥቋል።

ቀና ሲል ዓይኑ ታቢታ ላይ አረፈ። ፖሊስ የፈራ ሰው ፖሊስ ፖሊሱን ያያል። እሷ ግን የምታየው ናሆምን ነው። ሽበሺ እስክሪብቶውን እግሯ ሥር ጣለው። ልታነሣለት ስትል ወገቧን ሳታጥፍ፣ ጠረጴዛ ይዛ በጉልበቷ ቀስ ብላ ወረደች።

ጓዳ ወስዶ ለብቻዋ አነጋገራት።

«ወገብሽን ምን ሆንሽ?»

«ሥራው ነው ጌታዬ። ድሮ ወለል ላይ ተደፍቼ ነበር የምሠራው። አንድ ቀን እንደጎበጥኩ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ እግሩ ወደ እኔ ይምጣ እንጂ እኔ ወደ እግሩ አልወርድም።»

«ጠዋት እዚህ ቤት ምን ሰማሽ?»

የሴት ልጅ ፎቶ ያለበትን ስልኳን ደረቷ ላይ ለጠፈች።

«ልጅ አለሽ?»

ይሄኔ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሽበሺ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሟ ማነው?»

«ሃሴት።»

«የት ነው የምትማረው?»

ታቢታ በሩን አየችና በጆሮው ነገረችው። ሽበሺ ወዲያው አንዲት ሴት ፖሊስ ወደ ትምህርት ቤቱ ላከ። ቀጥሎ ፍሬሕይወትን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ጥፍር በሚሠራበት ቀን ዕቃው እንዴት እንደሚደረደር መመገቢያው ክፍል ውስጥ እንድታሳየው ጠየቃት።

ሁሉም ሳሎን ሲሰበሰቡ የሽበሺ ስልክ ጮኸ። ለታቢታ አቀበላት። «እማዬ፣ ፖሊሷ ከረሜላ ገዛችልኝ» የሚል የልጅ ድምፅ ተሰማ። ታቢታ አፏን በእጇ ከደነች።

«እንግዲህ» አለ ሽበሺ፣ «ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስን ኤሌክትሪክ አልገደላቸውም። በዚህች ትራስ ታፍነው ነው። ሳፋው የመጣው በኋላ ነው።»

«በምን አወቁ?» አለ ናሆም።

«እግር የሚነከረው መጀመሪያ ነው፤ ቀለም የሚቀባው ከደረቀ በኋላ ነው። እዚህ ግን ያልደረቀ ቀለም ውሃ ውስጥ ገብቷል። ጥጡም አብሮ ርሷል። የራሷን ሥራ የምታበላሽ ጥፍር ሠሪ የለችም።»

«ቸኩላ ይሆናላ!»

«አንተስ? በርጩማዋ ላይ ቁጢጥ ብላ አየኋት አልክ። በርጩማ ሲያዩ የተቀመጠባት ሰው ነው የሚታሰበው፤ እኔም ተሳስቼ ተቀምጬባታለሁ። ፍሬሕይወት ግን ለብቻዋ አሳየችኝ። ታቢታ የምትቀመጠው የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ላይ ነው። ወይዘሮዋ ትይዩዋ ሌላ ወንበር ላይ። በርጩማዋ በመሀል፣ ትራሷ በላይዋ፣ እግር በትራሷ ላይ። ሳፋም ሲያስፈልግ በርጩማዋ ላይ ነው እንጂ ወለል ላይ አይቀመጥም። ይህን የማያውቀው ከተዘጋው በር ውጭ የቀረ ሰው ብቻ ነው።»

«ሁለቱ ተመካክረው ቢሆንስ? ቤቱን የምትወርሰው እኮ ፍሬሕይወት ናት!»

«ቤቱ ለፍሬሕይወት እንደሚሰጥ ማን ነገረህ?»

ፍሬሕይወት ራሷ ደነገጠች፤ አልሰማችም ነበር።

«ዛሬ ነው የነገሩት» አለች ታቢታ። «ሥራዬን ጨርሼ ቀለሙ እስኪደርቅ ሶፋው ላይ ዐረፍ ብለው ነበር። እሱ ሲገባ ቤቱን ለፍሬሕይወት መስጠታቸውን ነገሩት። መጮህ ጀመረ። እኔ ፈርቼ በርጩማዬንና ፎጣዬን ጥዬ ወጣሁ። በኋላ ደወለልኝ። ‹ምንም አልሰማሽም፤ የልጅሽን ትምህርት ቤት አውቀዋለሁ› አለኝ። ቁጥሩ ስልኬ ላይ አለ።»

ናሆም አጠገቡ የነበረችው በርጩማ ላይ ዘጭ አለ።

«ተነሥ» አለ ሽበሺ። «እሷ የእግር ማሳረፊያ ናት።»

ይዘውት ከወጡ በኋላ ታቢታ አልሄደችም። «እግራቸውን ልሸፍነው? ሰው ሲያያቸው አይወዱም» አለች።

ሽበሺ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር አምጥቶ አስቀመጠላት። በርጩማዋን አስጠጋ፤ የሟቿን እግሮች ከሳፋው አውጥቶ በቀስታ አሳረፈባት። ከዚያ ወንዶቹን ወደ ግድግዳው እንዲዞሩ አዘዘ፤ እሱም ዞረ። ታቢታ ወገቧን ቀና አድርጋ ተቀመጠችና ፎጣዋን ዘርግታ እግሮቹን ጠቀለለች። «በቃ እትዬ፣ ማንም አያየዎትም» አለቻቸው።