በዝምታ የተሻገሩት ገደል

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ አገሩ ሁሉ አዲሱን ሚሊኒየም በሚያከብርበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ ከብልባላ በላይ ባለው ገደል በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቶ አለቀ፤ የሠራችውም ኢንጂነር አስቻለች ደባሱ ነበረች። ለልደት ወደ ላሊበላ የሚወርደው የዋግ ተሳላሚ ገደሉን ለመዞር ግማሽ ቀን መድከሙ ቀረ ተብሎ አገሬው እልል አለ።

የመጀመሪያዎቹ ተሳላሚዎች ድልድዩን ሲረግጡ ግን አስቻለች ደነገጠች። የገበያተኛውንም የአህያውንም ክብደት አስልታለች፤ ተሳላሚ ግን ለገና ዝም ብሎ አይጓዝም፤ በከበሮ እየዘመረ፣ በአንድ ምት እየረገጠ ነው የሚሄደው። ጥቂቶቹ እንዲያ ሲረግጡ ድልድዩ ከጎን ወደ ጎን ይወዛወዝ ጀመር፤ ከኋላ ደግሞ ሺዎች እየመጡ ነው። ጥፋቱ የራሷ መሆኑን አወቀች፤ ጊዜም ሳትሰጥ መግቢያውን ዘጋች።

የአካባቢው ሹም አቶ ታፈረ ደርሰው ተቆጡ፤ ለምረቃው እንግዳ ተጠርቷልና ይከፈት አሉ። እሷም ሰው ከሚያልቅ ስሜ ይጥፋ ብላ ከበሩ አልነቃነቅ አለች። ከልጅነቷ ጀምራ ምሕንድስናን የተመኘች ሴት የመጀመሪያ ሥራዋን በሰው ፊት በገዛ አፏ ማጣጣል እንዴት እንደሚያቃጥል እሷው ታውቀዋለች።

የተሳላሚዎቹ መሪ፣ አረጋዊው መሪጌታ ጽጌማርያም፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሊጠይቁ ቀረቡ።

«የኔታ፣ ክብደታችሁን እንጂ አረጋገጣችሁን አላሰላሁም። የጎን ገመድ እስክጨምርበት፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ያለ ዝማሬ ተሻገሩልኝ» አለቻቸው።

«ለጌታ ልደት ስንሄድ ዝም በሉ ትይናለሽ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ የኔታ። ደርሳችሁ እንድትዘምሩ ነው።»

መሪጌታ ገደሉን ቁልቁል አዩ፤ ከዚያም ከባለከበሮው ትከሻ ከበሮውን አውርደው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«በዐቢይ ጾም ከበሮ ይሰቀል የለም? ይህችም ድልድይ ጾም ናት፤ ማዶ እንፈስካለን።»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ጥቂት ጥቂት እየሆነ፣ እርምጃውን እያዛነፈ፣ በዝምታ ተሻገረ። አስቻለች ድልድዩ መካከል ቆማ፣ እጇን ገመዱ ላይ አሳርፋ፣ የመጨረሻዋ አሮጊት እስክታልፍ ድረስ ንቅንቅ አላለችም፤ ማዶ ከበሮው ሲጎሰም ግን አለቀሰች።

ከበዓሉ በኋላ የጎን ገመዱ ተጨመረ፤ ድልድዩም ዛሬ ዝማሬውን ችሎ ቆሟል። በመግቢያው ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የአቶ ታፈረ ስም ነው፤ የዚያን ዓመት ገና የሚያነሣም ሁሉ ስለ በዓሉ ድምቀት ይተርካል። ስለ ገደሉ የጻፈ የለም፤ ከዋግ የወጡት እናቶች ሁሉ ወደ ልጆቻቸው በደህና ተመልሰዋልና።