የኮሎኔሉ ፈረስ እግር

ቀራፂው ሬምበርት ገና ነሐስ ባልሆነው የኮሎኔሉ ሐውልት የጭቃ ፈረስ ሥር ተደፍቶ ተገኘ፤ አናቱን በመዶሻ ተመትቷል። መርማሪ ጎደሊቭ ስትደርስ ነሐስ አቅላጩ ዮስት በካቴና ታስሮ ከአንድ ፖሊስ ጋር ቆሟል። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሌላ ሰው ለመጠየቅ የተቸገረ አልነበረም፤ ይህም ከሬሳው እኩል አናደዳት።

ከፈረሱ የፊት እግሮች አንዱ ተነስቷል። ቀራፂዎቹ ራሳቸው ደንታ የላቸውም፤ ይህች የፍላንደርስ ከተማ ግን የጋላቢውን አሟሟት የምታነበው ከሐውልቱ ፈረስ እግር ነው። ሁለቱ ከተነሱ ጦር ሜዳ ላይ ወድቋል፣ አንዱ ከተነሳ ቁስሉ ገድሎታል፣ አራቱም መሬት ከረገጡ አልጋው ላይ ሞቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ኮሎኔሉ አያቴን ከአርባ ሰው ጋር ድልድይ ላይ ጥሎ የሸሸ ነው» አለ ዮስት። «ለውሸት ነሐስ አላቀልጥም ብዬ ጮህኩበት። ለካ ሬምበርት የኮሎኔሉን ሐኪም ደብዳቤ አግኝቷል፤ ሰውዬው የሞተው በሪህ፣ አልጋው ላይ ነው። ጭቃውን ገልጦ አሳየኝ፤ አራቱም እግር መሬት ነበር። ታርቀን ተለያየን። ሲታረቁ ግን ማን ይሰማል?»

የኮሎኔሉ የልጅ ልጅ ባላባት አልደሪክ ቤት ውስጥ እንኳ ጓንቱን አላወለቀም። «ይዋሻል። አያቴ በቁስል ነው የሞቱት። እግሩ ከመጀመሪያውም የተነሳ ነው፤ ትናንት ቀትር ላይ በዓይኔ አይቻለሁ።»

የሟቹ እህት ሃደዊች እንባዋን ዋጥ አደረገች። «ያላለቀ ሥራ ለእኔም አያሳይም። ጭቃው እንዳይደርቅ አመሻሽ ላይ ጆንያ አርጥቤ በበሩ አቀብለዋለሁ፣ እሱ ይጠቀልለዋል። ትናንትም ጠቅልሎታል።»

ጎደሊቭ ፈረሱን ከሆዱ እስከ ኮቴው ዳሰሰችው። ከዚያ ሁሉንም ጠርታ ዙሪያውን አቆመቻቸው።

«እርጥብ ጆንያ ጭቃ ላይ ሽመናውን ያትማል። ሆዱንና ሦስቱን እግሮች እዩ፣ ታትሟል። የተነሳው እግር ግን ልሙጥ ነው፤ ታጥፎ ጭቃው ዳግም የተለሰነው ከተጠቀለለ በኋላ ነው ማለት ነው። ዮስት የሚፈልገው እግሩ መሬት እንዲረግጥ ነው። ታዲያ ለምን ያነሳዋል?» በርከክ አለች። «በጭቃው ውስጥ ያለው የእግሩ ብረት መሬት ላይ የተተከለው እዚህ ነበር። አንድ ሰው ቀዳዳውን በጭቃ ደፍኖ በጡጫው ጠቅጥቆታል። ጓንትዎን ያውልቁ፣ ባላባት።»

አልደሪክ አልተነቃነቀም። ፖሊሱ አወለቀለት። ጣቱ ላይ የቤተሰቡ የማኅተም ቀለበት ነበር፤ ሁለት እግሩን ያነሳ ፈረስ ከነጋላቢው ተቀርፆበታል። ያው ፈረስ በድፍኑ ጭቃ ላይ ታትሟል።

«ከተማው ፊት ስማችንን ሊያዋርድ ነበር» አለ አልደሪክ።

«ለስምህ ሰው ገደልክ» አለች ጎደሊቭ። አንቱታው ከአፏ አልወጣ አለ። «ይኼ ምስኪን ደግሞ ባንተ ፋንታ እስር ቤት ይበሰብስ ነበር። አያትህ አርባ ሰው ጥሎ ሸሸ፣ አንተም ያንኑ ደገምክ።»

ካቴናው ከዮስት እጅ ወጥቶ አልደሪክ እጅ ላይ ገባ። ድፍኑ ጭቃ ተቆርጦ ለማስረጃ ከተወሰደ በኋላ ዮስት መርማሪዋን አየት አደረጋት፤ በአንገቷ እሺ አለችው። የታጠፈውን ብረት በሁለት እጁ አቅንቶ እግሩን ወደ ቀዳዳው መለሰው። ሃደዊች ጆንያ ልታረጥብ ወጣች።